ቦታ ከመግዛታችሁ በፊት ኮቨናንቱን አንብቡ

ይድረስ፦ በዳላስ፣ በጋርላንድ፣ በፕሌኖ፣ በዋይሊና በአካባቢው ቦታ ገዝታችሁ ቤት ለመሥራት ለተነሳችሁ ወገኖች፣ ለሐበሻ ሪልተሮቻችን፣ ለኮሙኒቲ ማኅበሮቻችን

ጉዳዩ፦ ቤታችሁ ከምን እንደሚሠራ የሚወስነውን የሰፈር ውል (ኮቨናንት) ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ።

ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ነው። ባዶ ቦታችን ላይ ቆሜ ከጭነት መኪና የጣሪያ ብረት ሲወርድ አያለሁ። ረጃጅም፣ ጥቁር ግራጫ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ ናቸው። እያንዳንዳቸው በቤታችን ጣሪያ ልክ ተቆርጠዋል። ዋጋ ሳይጨምር ብለን ቀድመን ያዘዝናቸው ናቸው። ባለቤቴ በስልኩ ቀርጾ ደሴ ላሉት አባቴ ላከላቸው። አባቴ ወዲያው ደወሉ። «እሰይ! ቆርቆሮ ነው እንዴ? እዛም ቆርቆሮ አለ?» አሉ። ደስታቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በአራተኛው ቀን ከሰፈሩ የዲዛይን ኮሚቴ ኢሜይል መጣ። ሦስት መስመር ነው። ያቀረባችሁት ጣሪያ በኮቨናንቱ አይፈቀድም። የውጭ ግድግዳችሁም የማሶነሪ (የጡብና የድንጋይ ሥራ) መጠኑን አያሟላም። ፈቃድ በጽሑፍ እስክታገኙ ሥራ እንዳትቀጥሉ።

መሬቱን ገዝተናል። ከተማው የግንባታ ፈቃድ (ፐርሚት) ሰጥቶናል። የፋውንዴሽኑ ሳንቃ ዙሪያውን ተተክሏል፣ ብረቱ ታስሯል፣ ኮንክሪት ሊፈስ ስድስት ቀን ቀርቶታል። እኔና ባለቤቴ የሰፈራችንን ኮቨናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተን ያነበብነው ያን ዕለት ማታ ነው። 74 ገጽ ነው። ኮሚቴው ያለው ነገር ሁሉ እዛ ውስጥ አለ። ቦታውን ከመግዛታችን ከዓመታት በፊት ተጽፎ የተቀመጠ ነው።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችሁ አሁን እኛ በነበርንበት ቦታ ላይ ስላላችሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ሎት ገዛን፣ ልንሠራ ነው» የሚል ወሬ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን «ኮቨናንቱን አይታችሁታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «እሱ ምንድን ነው?» የሚል ነው።

ኮቨናንት ከመሬቱ ጋር ተያይዞ የሚሄድ ውል ነው። መሬቱን መጀመሪያ የሸነሸነው ዴቨሎፐር ያዘጋጀዋል፣ የካውንቲው መዝገብ ቤት (ካውንቲ ክለርክ ቢሮ) ያስመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ቦታው አሥር ሰው እጅ ቢገባ ውሉ አብሮ ይተላለፋል። እናንተ ስላልፈረማችሁበት አይቀርላችሁም። «አላየሁትም» ማለትም አያድንም፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ ነገር እንዳወቃችሁት ይቆጠራል። ሰዉ ሁሉንም ነገር በደፈናው «ኤች ኦ ኤ» ይለዋል። ኤች ኦ ኤ፣ ማለትም የሰፈሩ ቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ግን አስፈጻሚው ነው። ሕጉ ኮቨናንቱ ነው።

እኛን ያሳሳተን አንዱ ነገር የከተማው ፐርሚት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ፕላናችሁን ሲያይ የሚያየው የግንባታ ኮዱን ነው፤ መሠረቱ ይችላል ወይ፣ የኤሌክትሪኩ መስመር ልክ ነው ወይ፣ ከአጥር ርቀቱ በቂ ነው ወይ። የሰፈራችሁን የግል ውል አያይላችሁም። ከተማው «ሥሩ» ያለውን ሰፈሩ «አትሥሩ» ሊል ይችላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሂዩስተን ለየት ይላል፤ እዛ ዞኒንግ የሚባል፣ የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስን የከተማ ደንብ ስለሌለ ከተማው ራሱ ኮቨናንት የጣሰን ሰው ሊከስ ይችላል። እዚህ እኛ ዘንድ ግን ሁለት በር አለ። ሁለቱንም ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ያሳሳተን በግማሽ የሰማነው ወሬ ነው። «ቴክሳስ እኮ የጡብ ግዴታን አንስታለች» ብሎ የነገረን ሰው ነበር። እውነት አለው። በ2019 ኤች ቢ 2439 የሚባል ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት ብዙ የሰሜን ቴክሳስ ከተሞች «የቤታችሁ ግድግዳ ይህን ያህል በመቶ ጡብ ወይም ድንጋይ ይሁን» ብለው ያስገድዱ ነበር። ሕጉ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ያንን ከለከለ። አገር አቀፉ የግንባታ ኮድ የተቀበለውን ማቴሪያል ከተማ ሊከለክል አይችልም፣ እንደ ታሪካዊ ሰፈር ያሉ ጥቂት ቦታዎች ሲቀሩ። ግን ሕጉ የሚያዘው መንግሥትን ነው። ከተማን፣ ካውንቲን። በመሬት ባለቤቶች መካከል ያለውን የግል ውል አልነካም። የሰፈራችሁ ኮቨናንት «80 በመቶ ማሶነሪ» ካለ ዛሬም 80 በመቶ ነው።

ማሶነሪ ስለሚለው ቃል ትንሽ ልቆይ። እኛን ያንገላታን እሱ ነው።

ፕላናችን የፊት ለፊቱን ግድግዳ በጡብ፣ የጎንና የጀርባውን ደግሞ ሃርዲ በሚባለው የሲሚንቶ ሰሌዳ የሚሸፍን ነበር። ሃርዲ ሲሚንቶ አለበት፣ አይበሰብስም፣ እሳት አይበላውም። ቢልደራችን «ይሄ ማሶነሪ ውስጥ ይቆጠራል» አለን። ሌላ ሰፈር ሠርቶ ተቆጥሮለታል፣ አልዋሸም። የእኛ ኮቨናንት ግን መጀመሪያ ገጾቹ ላይ የቃላት ትርጉም የሚል ክፍል አለው። እዛ ላይ ማሶነሪ ማለት ጡብ፣ ድንጋይና ስተኮ (የሲሚንቶ ልስን) ነው ይላል፤ ቀጥሎ የሲሚንቶ ሰሌዳ እንደማይቆጠር ለብቻው ተጽፏል። አንድ መስመር ናት። በዚያች መስመር ምክንያት የሦስት ጎን ግድግዳችን ዜሮ ሆነ።

ስለዚህ በመቶኛውን ብቻ አትመልከቱ። ከምን ላይ እንደሚሰላ እዩ። የፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው ወይስ ዙሪያው በሙሉ? በርና መስኮት ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ? ሁለተኛው ፎቅ የራሱ ቁጥር አለው? የጭስ ማውጫውስ? የጣሪያው ተዳፋት ስንት ነው? «8 በ12» የሚል ካገኛችሁ ጣሪያው 12 ኢንች በሄደ ቁጥር 8 ኢንች መውጣት አለበት ማለት ነው፤ ጠፍጣፋ ዘመናዊ ጣሪያ ያሰበ ሰው ሕልሙ እዚያው ላይ ያበቃል።

እዚህ ላይ ለአገራችን ሰው የምነግረው አንድ ነገር አለ። እኛ ግንብ ቤት ስንል ግድግዳው ራሱ ጣሪያውን የተሸከመ ነው የሚመስለን። ቴክሳስ ውስጥ የምታዩት የጡብ ቤት እንደዚያ አይደለም። ቤቱን የተሸከመው ከውስጥ ያለው እንጨት ነው። ጡቡ አራት ኢንች ገደማ ውፍረት ያለው ልብስ ነው። ልብስ ቢሆንም ግን ከባድ ነው፤ የሚቀመጥበት ይፈልጋል። የፋውንዴሽኑ ጠርዝ ላይ ዝቅ ብሎ የሚሠራ የጡብ መቀመጫ አለ።

ያ መቀመጫ የእኛ ፕላን ላይ ከፊት ብቻ ነበር። በማግስቱ የፋውንዴሽን ሠራተኞቹን አለቃ ጠራነው። የሳንቃውን ውስጠኛ ጠርዝ በእጁ እየዳሰሰ ዙሪያውን ሄደ። የጎኑ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ቆመና «እዚህ ጡብ የት ላይ ይቀመጣል?» አለን። ኮንክሪቱ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ ወይ ከጎን ብረት እያሰርን መለጠፍ፣ ወይ መስበር ነበር። ስድስት ቀን አተረፈን። ግን ሳንቃው ተነቀለ፣ ኢንጅነሩ ፕላኑን እንደገና ሠራ፣ ከተማው ፐርሚቱን እንደገና አየ። የባንኩ ወለድ ደግሞ አይጠብቅም። አሥራ አንድ ሳምንት ከእጃችን ሄደ።

ወደ ጣሪያው ልመለስ።

እኔ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። የብረት ጣሪያ ያማረኝ ግን በትዝታ ብቻ አይደለም። ሰሜን ቴክሳስ ውስጥ በረዶ ምን እንደሚያደርግ የኖረ ያውቀዋል። ጸደይ በመጣ ቁጥር የኢንሹራንስ ሰዎች መሰላል ይዘው ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ። የቀድሞ ቤታችን ሺንግል (የጣሪያ ንጣፍ) ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ሁለተኛው ላይ ልጄ አልጋ ላይ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። እና አዲስ ቤት ስንሠራ ይሄ አይደገምም አልን።

ኮቨናንታችን የሚለው ጣሪያ በኮምፖዚሽን (በአስፋልት የተሠራ) ሺንግል ይሸፈን፤ ብረት ለበረንዳ ካልሆነ በስተቀር አይፈቀድም። ጎረቤታችን በረንዳ ላይ ብረት አይተን ነበር። «እሱ ከተፈቀደለት ለእኛም ይፈቀድልናል» ብለን ያዘዝነው ያንን አይተን ነው። በዓይን አይቶ መፍረድ እንዲህ ያስከፍላል። በልክ የተቆረጠ ብረት ደግሞ ፋብሪካው መልሶ አይወስድም። ኮቨናንት የሌለበት ገጠር መሬት ላይ መጋዘን የሚሠራ ሰው በአንድ አራተኛ ዋጋ ወሰደልን።

መንገድ ያገኘነው ሕጉን ካነበብን በኋላ ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው። በቴክሳስ የንብረት ሕግ ቁጥር 202.011 የሚል ክፍል አለ። ኤች ኦ ኤ ነፋስንና በረዶን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ሺንግል መከልከል አይችልም ይላል። ሁኔታዎች አሉት። ሲገጠም በሰፈሩ ከሚፈቀደው ሺንግል ጋር መመሳሰል አለበት። ከእሱ የበለጠ የሚቆይ፣ ጥራቱም እኩል ወይም የተሻለ መሆን አለበት። ከዙሪያው ቤቶች ጋርም መስማማት አለበት። እኛ የመረጥነው ረጅሙ ቆርቆሮ ሺንግል ስለማይመስል ሕጉ አይደርስለትም። ግን በድንጋይ ቅንጣት የተለበጠ፣ ከሩቅ ሲያዩት ተራ ሺንግል የሚመስል ብረት አለ። ናሙናውን ይዘን፣ የክላስ 4 ማረጋገጫውን አያይዘን፣ የሕጉን ቁጥር ጠቅሰን እንደገና አመለከትን። ተፈቀደ።

ክላስ 4 ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ዩ ኤል 2218 በሚባለው የበረዶ መመዘኛ ከፍተኛው ደረጃ ነው። ሁለት ኢንች ስፋት ያለው የብረት ኳስ ከ20 ጫማ ከፍታ፣ ያው ቦታ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ይጣልበታል። ካልተሰነጠቀ ያልፋል። ብረት ያልሆነ ክላስ 4 ሺንግልም ስላለ ኮሚቴያችሁ ብረትን አልሰማም ካለ እሱን ጠይቁ። ኢንሹራንሳችሁንም ቅናሽ ይሰጥበት እንደሆነ ጠይቁ።

ኮሚቴ እምቢ ሲል መብታችሁ ምን ይመስላል? በ2021 የወጣ ሕግ አለ፤ ከ40 ቦታ በላይ ላለው ማኅበር የሚሠራ። ኮሚቴው የከለከለበትን ምክንያትና ምን ብታስተካክሉ እንደሚፈቅድ ዘርዝሮ በጽሑፍ መስጠት አለበት። እናንተም ክልከላው በተላከላችሁ በ30 ቀን ውስጥ በቦርዱ ፊት ቀርባችሁ ለመሰማት መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ቦርዱ ጥያቄው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ስብሰባውን ማድረግ አለበት። የቦርድ አባል፣ የትዳር ጓደኛውና አብሮት የሚኖር ሰው ኮሚቴው ውስጥ መቀመጥ አይችሉም። ጥሩ ሕግ ነው።

አዲስ ሰፈር ለምትገቡ ግን ስሙኝ። ዴቨሎፐሩ ገና ቦታ እየሸጠ ባለበት ዘመን፣ ወይም የኮሚቴውን አባላት የሚሾመው እሱ እስከሆነ ድረስ፣ ይህ መብት አይሠራም። የእኛ ሰፈር እንደዚያ ነበር። ኢሜይላችን ሦስት መስመር የሆነውም ለዚህ ነው፤ ማብራራት አይገደዱም። የመሰማት መብት ሳይኖረን በትሕትና ለመንን፣ ደግነቱ ሰሙን። እናንተ በልመና ላይ አትመኩ። የምትገዙበት ሰፈር ኮሚቴ በማን እጅ እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለማመልከቻችሁ መልስ ሳይሰጡ ቀኑ ካለፈ ምን እንደሚሆንም አንብቡ፤ አንዳንዱ ኮቨናንት እንደተፈቀደ ይቆጠራል ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደተከለከለ። «ዝም ካሉ ይሁንታ ነው» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ፍርድ ቤት ኮቨናንት ለጣሰ ሰው በቀን እስከ 200 ዶላር ሊወስንበት ይችላል። የኮሚቴ ውሳኔም ዝም ብሎ እንደ ትክክል ነው የሚወሰደው፤ ያለ ምክንያት ወይም በአድልዎ የተሰጠ መሆኑን የማሳየት ሸክም በእናንተ ላይ ነው።

አሁን ለሪልተሮቻችን፣ ለወንድሞቼና ለእህቶቼ። አገሩን የምናውቀው በእናንተ በኩል ነው። እንግሊዝኛ የምንችለውም ሳንቀር የውል እንግሊዝኛ ሲመጣ ዓይናችሁን ነው የምናየው። እባካችሁ ሁለት ወረቀት ላይ አቁሙን። አንደኛው የመሬቱን ባለቤትነት የሚያጣራው ታይትል ካምፓኒ የሚልከው ኮሚትመንት የሚባል ሰነድ ነው፤ ሼጁል ቢ በሚባለው ክፍሉ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ስለ ኮቨናንት ነው። እዛ ላይ የመዝገብ ቁጥር ካለ ሰነዱ በሙሉ እጃችን ይግባ። ሌላው የግዢ ውሉ ፓራግራፍ 6 ዲ ነው። ገዢው «ይህን ልሠራ አስቤያለሁ፤ ይህን የሚከለክል ነገር ከተገኘ እቃወማለሁ» የሚልበት ባዶ መስመር አለ። የእኛ ውል ላይ ያ መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው። የሸጠልን ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አለፈው። ግን የሰፈር ኮቨናንት እንዲሁ ሲታይ በመደበኛው ውል ተቃውሞ የማይቀርብበት ነገር ነው። በሩን የሚከፍተው ያ መስመር ነው። «የብረት ጣሪያና የሲሚንቶ ሰሌዳ ግድግዳ ያለው መኖሪያ ቤት መሥራት» ተብሎ ተጽፎበት ቢሆን፣ በተሰጠን ቀን ውስጥ ተቃውመን ቀብዳችንን ይዘን መውጣት እንችል ነበር። ማኅበር ያለበት ሰፈር ሲሆን ደግሞ ከውሉ ጋር የሚያያዝ ቅጽ አለ፤ በዚያ መሠረት የሰፈሩ ሰነድ ከደረሰን በኋላ ሦስት ቀን የማፍረስ ጊዜ አለን። ሦስት ቀን ለ74 ገጽ አጭር ነው። ሰነዱ ሲደርስ ደውላችሁ «ዛሬ ማታ ቁጭ በሉና አንብቡ» በሉን።

ለኮሙኒቲ ማኅበሮቻችንም ጥያቄ አለኝ። ስለ ታክስ፣ ስለ ዜግነት ፈተና ስብሰባ ታዘጋጃላችሁ፤ ተጠቅመንበታል። በዓመት አንድ ምሽት ለዚህ ስጡ። አንድ የሪል እስቴት ጠበቃ፣ አንድ ቢልደር፣ አንድ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው። ማሶነሪ፣ ኮቨናንት፣ ኢዝመንት፣ ሼጁል ቢ የሚሉትን ቃላት በአማርኛ የሚያብራራ ሁለት ገጽ ወረቀት ቢታደል ለስንቱ ይተርፋል።

በየሰፈሩ ቦርድ ውስጥ የተመረጣችሁ ወገኖችም አላችሁ። እናንተን የምለምነው ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ኮቨናንቶች ከዓመታት በፊት የተጻፉ ናቸው። የተቀደሱ አይደሉም፤ ይሻሻላሉ። በሕጉ 67 በመቶ የባለቤቶች ድምፅ ይበቃል፣ ኮቨናንቱ ራሱ ከዚያ ያነሰ ካላስቀመጠ። በረዶ የሚችል ጣሪያ በስሙ ብቻ አይከልከል። የሲሚንቶ ሰሌዳም ይቆጠር። የሰፈሩ ገጽታ ይጠበቅ ማለት ይገባኛል፤ እኔም ጎረቤቴ ቤቱን በሸራ እንዲሸፍን አልፈልግም። ግን ማቴሪያል በሚሰጠው አገልግሎት ይመዘን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በዚህ አገር ቀድሞ በነበሩ ኮቨናንቶች ላይ፣ «የቤቱ ግድግዳ ጡብ ይሁን» ከሚለው አጠገብ «ይህ ቦታ ለጥቁር ሰው አይሸጥም» የሚል ይጻፍ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 «ሼሊ እና ክሬመር» በተባለው ክርክር እንዲህ ያለውን ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም አለ፤ በ1968 በሕግ ታገደ። የዛሬው ሰነዳችን ያ አይደለም። ግን ያንን ሳውቅ፣ ሰነዱን ሳላነብ መፈረሜ ይበልጥ ቆጨኝ። እንደኛ ያለ ሰው መሬት ገዝቶ ስሙ እዚህ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ስንቱ ታግሏል።

የእኛ 74 ገጽ ዳር ዳሩ በቢጫ ቀለም ተሠምሮ፣ በአማርኛ ተጽፎበት ቤት አለ። የተከለከልንበት ኢሜይል፣ የተፈቀደልን ማመልከቻ፣ የተስተካከለው የፋውንዴሽን ፕላን አብሮት ነው። የትኛውም ማኅበር ያን ምሽት ካዘጋጀ ይዤ እመጣለሁ። የጣሪያውን ናሙናም አመጣለሁ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ታዩታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሠርታ የገባች እህታችሁ፣ ከሰሜን ቴክሳስ